የቅዳሜ ዘንቢል፦ ከትኩስ ፍራፍሬ በቤት የሚሠሩ ቀላል ምግቦችና መጠጦች

ቅዳሜ ጠዋት ዘንቢሌን ይዤ ወደ ሰፈራችን አትክልት ቤት እሄዳለሁ። የምገዛው ከሳምንት ሳምንት ብዙ አይለያይም። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ አንድ ደህና ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ከዚያ እንደ ወቅቱ ማንጎ ወይም ዘይቱን። ድሮ ይህ ሁሉ ቤት ከገባ በኋላ ግማሹ ይበላሽብኝ ነበር። ፓፓያው ሰኞ ላይ ይበሰብሳል። አቮካዶው እስከ ረቡዕ ድንጋይ ነው። ማንጎውን ሳይደርስ እቆርጠዋለሁ፤ ጁሱ ሲኮመጥጥብኝ ደግሞ ስኳር እጨምርበታለሁ። በዚህ ኑሮ ውድነት ፍራፍሬ መጣል ያሳዝናል። ያንን ሁሉ ስኳር ለልጆች መስጠትም ልቤን ያስጨንቀው ነበር።

ቀስ በቀስ አንድ ነገር ገባኝ። ልክ ሲደርስ የተበላ ፍሬ ስኳር አይፈልግም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት አሠራሮች ሁሉ የሚጀምሩት ፍሬውን በመምረጥና በማብሰል ነው። "ማብሰል" ስል እሳት ላይ መጣድ ማለቴ አይደለም። ፍሬው በራሱ ጊዜ እንዲበስል መጠበቅ ማለቴ ነው። ይህን ክፍል ሳትዘሉ አንብቡት፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ የቆመ ነው።

ሲገዙ

ሻጯ ፓፓያ ወይም አቮካዶ ስትመርጥላችሁ "ለዛሬ ነው?" ብላ ትጠይቃለች። ይህ ጥያቄ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ሁልጊዜ የምመልሰው "ግማሹ ለዛሬ፣ ግማሹ የሚቆይ" ብዬ ነው። አራት አቮካዶ ከገዛችሁ ሁለቱ ለስለስ ያሉ፣ ሁለቱ ጠንካራ ይሁኑ። ሙዝም እንደዚሁ። ገና አረንጓዴነት ያለውን ከቢጫው ጋር ቀላቅላችሁ ውሰዱ።

ቀጥሎ ማወቅ ያለባችሁ ፍራፍሬ በሁለት እንደሚከፈል ነው። አንደኛው ወገን ከተቆረጠ በኋላም ቤት ውስጥ ይበስላል። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ዘይቱን፣ ኮክ፣ ጊሽጣ ከዚህ ወገን ናቸው። አቮካዶ እንዲያውም ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ የሚለሰልሰው ከተቀጠፈ በኋላ ነው። ሁለተኛው ወገን ግን ከዛፉ በተለየበት ቀን የነበረው ጣዕም የመጨረሻው ነው። ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ሎሚ፣ አናናስ፣ እንጆሪ፣ ወይን እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ኮምጣጣ አናናስ ገዝታችሁ ሳምንት ብታቆዩት ይለሰልስ ይሆናል እንጂ ጣፋጭ አይሆንም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወገን ጥሬውንም መግዛት ይቻላል። ሁለተኛውን ግን የደረሰውን ብቻ ምረጡ።

እንዴት ይታወቃል? ብርቱካንና ሎሚን በእጃችሁ መዝኑ። መጠናቸው እኩል ከሆነ ከበድ ያለው ውሃ የያዘው ነው። አናናስን ከታች በኩል አሽትቱት፤ ጥሩ ሽታ ከሌለው ተዉት። ሐብሐብ መሬት ላይ ተኝቶበት የነበረው ጎኑ ነጭ ሳይሆን ቢጫ ሲሆን ነው ጥሩ። ማንጎን በቀለሙ አትመኑት። አረንጓዴ ሆኖ የበሰለ አለ፤ ቀልቶም ጥሬ የሆነ አለ። ከእንብርቱ አጠገብ አሽትቱት፣ ቀስ ብላችሁም ጫን በሉት። አቮካዶን ደግሞ በአውራ ጣት አትውጉት። የጣታችሁ ምልክት ውስጡ ጠቁሮ ይቀራል፤ ቀጥሎ ለሚገዛው ሰውም አይሆንም። በመዳፋችሁ ሙሉውን ያዙና በቀስታ ጨበጥ አድርጉት።

ቤት ሲገባ

ልጅ እያለሁ እናቴ ጥሬ አቮካዶ ዱቄት ውስጥ ትቀብር ነበር። በሁለት በሦስት ቀን ለስልሶ ይወጣል። ለምን እንደሚሠራ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የሚበስል ፍሬ ኢትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ራሱን ፍሬውንም፣ አጠገቡ ያለውንም ያበስላል። ዱቄቱ የሚሠራው ሥራ ጋዙን ማፈን ነው። ዛሬ ዱቄቱን ትተን የወረቀት ከረጢት መጠቀም እንችላለን። ጠንካራውን አቮካዶ ወይም ማንጎ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር ከረጢት ውስጥ ክተቱ፣ አፉን አጥፉ፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡ። በየቀኑ እያያችሁ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይደርሳል። ፌስታል ግን አይሆንም። እርጥበት ስለሚይዝ ፍሬው ይሻግታል።

ከዚህ የሚከተል ሌላም ነገር አለ። እንዲቆይ የምትፈልጉትን ፍሬ ከበሰለ ሙዝ አርቁት። ሁሉንም አንድ ሳህን ላይ ከምሮ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ያምራል፤ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ይደርስባችኋል።

ጥሬ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያና አቮካዶ ፍሪጅ አይግቡ። ቅዝቃዜው መብሰላቸውን ያቋርጠዋል፤ ከወጡ በኋላም ጣዕማቸው አይመለስም። ከበሰሉ በኋላ ግን ፍሪጅ ጥሩ ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ይጨምርላችኋል። የበሰለ ሙዝ ፍሪጅ ውስጥ ልጣጩ ይጠቁራል። አትደንግጡ፣ ውስጡ ደህና ነው።

እኔ ቤት ሳምንቱ እንዲህ ይሄዳል። ቅዳሜና እሁድ ፓፓያና እንጆሪ ይበላል፤ እነሱ አይጠብቁም። ሰኞና ማክሰኞ ለስላሳው አቮካዶ። ረቡዕ አካባቢ ከረጢት ውስጥ የነበረው ማንጎና ሁለተኛው አቮካዶ ይደርሳሉ። ሐሙስና ዓርብ ነጠብጣብ ያወጣው ሙዝ ተራው ነው። ብርቱካንና ሎሚ ሳምንቱን ሙሉ ይቆያሉ።

አስተጣጠቡን በአጭሩ ልንገራችሁ። የሚላጠውንም ፍሬ ጭምር በንጹህ ወራጅ ውሃ እጠቡ። ልጣጩ ላይ ያለውን ቆሻሻ ቢላዋው ወደ ውስጥ ይዞት ይገባልና። ሳሙናና ኦሞ አይነካው። እንጆሪን አንድ እጅ አቼቶ በሦስት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ሁለት ደቂቃ ንከሩትና በደንብ አለቅልቁት። አረንጓዴ ጭራውን ከታጠበ በኋላ ቁረጡ፤ ቀድማችሁ ከቆረጣችሁት ውሃ ይጠጣል። የቧንቧ ውሃችሁን ካላመናችሁት ደግሞ ማለቅለቂያው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሁን። የተቆረጠ ፍሬ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዩ።

ስፕሪስ፣ ያለ ስኳርና ያለ ሽሮፕ

ጁስ ቤት ገብቶ ስፕሪስ ያላዘዘ ያለ አይመስለኝም። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ እየተደራረበ በረጅም ብርጭቆ ይመጣል፤ ከላይ ሎሚ ይጨመቅበታል። ብዙ ቦታ ቪምቶ የሚባለው ቀይ ሽሮፕም ጠብ ይደረግበታል። በማንኪያ የሚበላ ጁስ ነው። ቤት ውስጥ መሥራት ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። ለሁለት ረጃጅም ብርጭቆ የሚበቃው ይህ ነው፦ አንድ ትልቅ የበሰለ አቮካዶ፣ ሁለት መካከለኛ ማንጎ፣ የአንድ መካከለኛ ፓፓያ ሩብ፣ ሁለት ሎሚ፣ ቀዝቃዛ ውሃ።

1. ፍሬዎቹን ከመፍጨታችሁ ከአንድ ሰዓት በፊት ፍሪጅ አስገቧቸው። በረዶ መጨመር አያስፈልግም። በረዶ ሲቀልጥ ጁሱን ያቀጥነዋል፤ የቀጠነ ጁስ ደግሞ አይደራረብም።

2. በማንጎው ጀምሩ። ሥጋውን ከፍሬው ላይ ላጡና በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ፍጩት። ቃጫ የበዛበት ማንጎ ከሆነ በወንፊት አሳልፉት። ወደ ሌላ ኩባያ ገልብጡ።

3. ብሌንደሩን ሳታጥቡ ፓፓያውን ፍጩ። ፓፓያ የራሱ ውሃ ስላለው ምንም አትጨምሩበት። የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ግን ጠብ አድርጉበት፤ የፓፓያን ከበድ ያለ ሽታ ሎሚ ያነሳዋል። እሱንም ለብቻ አስቀምጡ።

4. አቮካዶው የመጨረሻ ነው። ቅባት ስላለው ብሌንደሩ ላይ ይለጠፋል፤ መጀመሪያ ከፈጫችሁት ሌሎቹን ያደበዝዛቸዋል። የአንድ ኩባያ ሲሶ ውሃና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩበት። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ አቮካዶው አየር ሲያገኘው እንዳይጠቁር ይጠብቀዋል።

5. አሁን ውፍረቱን ፈትሹ። በማንኪያ አንሱና ገልብጡት። እየተንከባለለ በቀስታ ከወደቀ ልክ ነው። እንደ ውሃ ከፈሰሰ ቀጥኗል፤ ትንሽ ተጨማሪ ፍሬ መልሳችሁ ፍጩበት።

6. አቮካዶውን ከታች አድርጉ። ቀጥሎ ማንኪያውን ገልብጣችሁ ከብርጭቆው አፍ ውስጥ ያዙና ማንጎውን በማንኪያው ጀርባ ላይ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ፓፓያውንም እንዲሁ። ከከፍታ ላይ ከተፈሰሰ የታችኛውን ይበሳዋል።

7. የቀረውን ሎሚ ከላይ ጨምቁ። ወዲያው አቅርቡ።

ስኳሩስ? ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱት። ማንጎው በትክክል ከደረሰ ምንም አያስፈልገውም። ቢኮመጥጥ ግማሽ የበሰለ ሙዝ ወይም ሁለት ፍሬው የወጣለት ቴምር ከማንጎው ጋር ፍጩ። ማርም ይሆናል። ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በምንም መልኩ አይሰጥም፤ ለሕፃናት አንጀት አደገኛ የሆነ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ቤታችሁ ውስጥ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ከጁስ ይልቅ ፍሬውን በቁሙ ይብላ። በአንድ ብርጭቆ ሦስት አራት ፍሬ ሳይታወቅ ይጠጣልና።

በውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር ላስታውስ። የእኛ ሎሚ ሱፐርማርኬት ውስጥ "ሌመን" የሚባለው ትልቁ ቢጫው አይደለም። ወደ እሱ የሚቀርበው "ላይም" የሚባለው ትንሹ አረንጓዴ ነው። ስፕሪሱ የአገር ቤቱን ጣዕም ያጣባችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። የበረደ የማንጎ ቁራጭም ደህና አድርጎ ይሠራል፤ ብቻ ግማሽ ያህል እስኪቀልጥ ጠብቁት።

መብራት ከጠፋ ደግሞ ፓፓያና አቮካዶ በሹካ ይደቃሉ። ፓፓያውን ደቁሳችሁ ሎሚ ጨምቃችሁ በማንኪያ ብሉት። ብሌንደር ሳይኖር በፊትም የምንበላው እንዲህ ነበር።

አቮካዶ በዳቦ

ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። አንድ የበሰለ አቮካዶ በሹካ ደቁሱ፤ ሙሉ በሙሉ አይላም፣ ትንሽ እብጥ እብጥ ያለ ይሁን። ጨው፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ደቀቅ ብሎ የተከተፈ ቃሪያና ግማሽ ቲማቲም ጨምሩበት። የቲማቲሙን ፍሬና ውሃ አውጡለት፤ ካልሆነ ዳቦው ይርሳል። ዳቦውን መጥበሻ ላይ ያለ ዘይት አሙቁና ቀቡት።

በሁዳዴ ሃምሳ አምስቱን ቀን ቅቤና ወተት ሲቀር የቁርስ ነገር ያስቸግራል። የአቮካዶ ቅባት ሆድ ይይዛል። እኔ ቤት ጾም ሲገባ የአቮካዶው ኪሎ እጥፍ ይሆናል።

የሙዝና የአጃ ፓንኬክ

ሐሙስ ሲደርስ ሙዙ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቷል። ልጆቹ "ተበላሽቷል" ይሉታል። የተበላሸ አይደለም፤ ስታርቹ ወደ ስኳርነት የተለወጠ ነው። ለዚህ ፓንኬክ የሚፈለገውም እሱ ነው። በቢጫ ሙዝ ብትሠሩት ስኳር ይጠይቃችኋል።

ሁለት እንዲህ የበሰለ ሙዝ በሹካ ደቁሱ። አንድ ኩባያ የአጃ ዱቄት፣ አንድ እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ ውሃ ወይም ወተት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋና ቁንጥር ጨው ጨምራችሁ አዋህዱ። ለጾም ከሆነ እንቁላሉን ተዉና አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጡ። አሥር ደቂቃ ሲቆይ ይዝለገለጋል፤ ሊጡን የሚያያይዘው ያ ነው።

አሁን ሊጡን አሥር ደቂቃ አሳርፉት። ይህን እባካችሁ አትዝለሉት። አጃ ውሃውን ቀስ ብሎ ነው የሚመጠው። ሳያርፍ የተጋገረ ፓንኬክ ሲገለበጥ ይበታተናል። ካረፈ በኋላ ከማንኪያ ላይ በዝግታ የሚወርድ መሆን አለበት። ከወፈረ ጠብታ ውሃ፣ ከቀጠነ ትንሽ ዱቄት።

መጥበሻውን በዝቅተኛ እሳት አሙቁ፣ በዘይት ዳበስ አድርጉት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሊጥ አፍስሳችሁ የሲኒ ማስቀመጫ ሳህን ያህል አስፉት። ከዚያ በላይ ትልቅ ከሆነ ለመገልበጥ ያስቸግራል። ዳር ዳሩ ሲደርቅና ከላይ ዓይን ማውጣት ሲጀምር ገልብጡ፤ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ሁለተኛው ጎን ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። እሳቱ ከበዛ የሙዙ ስኳር ቶሎ ያርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ከላዩ የተቆራረጠ ብርቱካን ወይም ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ማርማላታ አድርጉበት።

የዘይቱን ማርማላታ

ከሁሉም የምወደው ይህ ነው። ዘይቱን ሲረክስ የቤቱ ሽታ ራሱ ይለወጣል። ግን አንድ ኪሎ ዘይቱን በአንድ ቀን አይበላም፤ በአንድ ቀን ግን ይደርሳል። ስለዚህ ማርማላታ።

ዘይቱን ለጀማሪ የተመቸበት ምክንያት አለ። ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን የሚባል በፍሬው ውስጥ ያለ ነገር ነው። ዘይቱን፣ ፖም፣ የብርቱካን ነጩ ሽፋንና ዘሩ ፔክቲን ሞልቷቸዋል። እንጆሪና ፓፓያ ጥቂት ነው ያላቸው። እንጆሪ ብቻውን ስትቀቅሉ እንደ ሾርባ ሆኖ የሚያስቸግራችሁ ለዚህ ነው። በእንጆሪ ወይም በፓፓያ መሥራት ካማራችሁ የሁለት ብርቱካን ነጩን ሽፋንና ዘሩን በንጹህ ስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ አብራችሁ ቀቅሉት፤ በመጨረሻ ጨምቃችሁ አውጡት። በተፈጥሮ መንገድ ይረጋል።

የሚያስፈልገው፦ አንድ ኪሎ ዘይቱን፣ 400 ግራም ስኳር፣ አራት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት ኩባያ ውሃ። ዘይቱኑ ሁሉም ለስላሳ አይሁን። ሩብ ያህሉ ገና ጠንከር ያለ ቢሆን ይሻላል፤ ፔክቲኑ እሱ ላይ ይበዛል።

1. ሁለት የማርማላታ ጠርሙስ ከነክዳናቸው እጠቡና በፈላ ውሃ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ቀቅሏቸው። እዚያው ሙቁ ውሃ ውስጥ ይቆዩ። ትንሽ ሳህን ደግሞ በረዶ ቤት አስገቡ፤ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

2. ዘይቱኑን እጠቡ፣ ጫፍና ጫፉን ቁረጡ፣ አራት አራት አድርጋችሁ ሰንጥቁ። አትላጡት። ትል ያለበትን እየከፈታችሁ እዩ፤ ዘይቱን ውስጥ ትል አይጠፋም።

3. ወፍራም ቂጥ ባለው ድስት ከውሃው ጋር ጣዱና ከድናችሁ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል፣ በማንኪያ ሲነኩት እስኪፈርስ ቀቅሉ።

4. ትኩስ እንዳለ በወንፊት አሳልፉት። በእንጨት ማንኪያ እየጫናችሁ እሹት። ፍሬው ወንፊቱ ላይ ይቀራል፣ ሥጋው ይወርዳል። እዚህ ላይ ክንድ ይደክማል፤ ግን አትቸኩሉ። የወንፊቱን ጀርባ መጥረግ አትርሱ፣ ብዙ እዚያ ይቀራል።

5. የወረደውን ወደ ድስቱ መልሱ፣ ሎሚውን ጨምሩ፣ በመካከለኛ እሳት ሲፈላ ስኳሩን አስገቡ። ከዚህ በኋላ ከድስቱ አትራቁ። በየጊዜው ከሥር እያማሰላችሁ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ቀቅሉ። እየወፈረ ሲሄድ ይፈናጠራልና ረጅም ማንኪያ ያዙ፣ ልጆችን አርቁ።

6. የበረደውን ሳህን አውጡና አንድ ጠብታ አድርጉበት። አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ በጣት ገፋ አድርጉት። ከላዩ ከተሸበሸበ ደርሷል። ከፈሰሰ አምስት ደቂቃ ጨምሩና ደግማችሁ ሞክሩ።

7. በትኩሱ ወደ ትኩሱ ጠርሙስ ገልብጡ፣ አፉን በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፣ ክደኑ። ሲቀዘቅዝ ፍሪጅ ይግባ።

ስለ ሙቀቱ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ማርማላታውን የሚያሳርረው እዚህ ላይ ነውና። በውጭ አገር አሠራሮች ላይ "105 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ" ተብሎ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ይህ የባሕር ጠለል አካባቢ ላለ ሰው ነው። እዚያ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ማርማላታ ደግሞ ከውሃ መፍያ አምስት ዲግሪ ያህል ከፍ ሲል ይረጋል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ የእኛ ማርማላታ 97 አካባቢ ላይ ደርሷል ማለት ነው። 105ን የጠበቀ ሰው ድስቱ ውስጥ ከረሜላ ነው የሚያገኘው። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያላችሁ በ105 ሥሩ። ከፍታ ላይ ያለን ደግሞ ቴርሞሜትሩን ትተን ሳህኑን እንመን። ሳህን የትም አገር አያታልልም።

ስኳሩ ለምን 400 ግራም ሆነ? በድሮው አሠራር ፍሬና ስኳር እኩል በእኩል ነው የሚገባው። ያ ሁሉ ስኳር ለጣዕም ብቻ አልነበረም፤ እንዳይሻግት የሚጠብቀው እሱ ነው። እኛ ከግማሽ በታች ስላደረግን ማርማላታችን መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ንጹህና ደረቅ ማንኪያ ብቻ ይግባበት። ሻጋታ ካያችሁ ከላዩ ጠርጋችሁ አትብሉ፤ ጠርሙሱን ሙሉ ድፉት። ዓይን የማያየው ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል።

የፍራፍሬ ሰላጣ

እንግዳ ሲመጣ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ፓፓያ፣ ማንጎ፣ አናናስ፣ ብርቱካን፣ ካለ ሮማን። በእኩል መጠን ቁረጡ። በሽሮፕ ፋንታ የሁለት ብርቱካንና የአንድ ሎሚ ጭማቂ አፍስሱበት። ሙዙን ሊቀርብ ሲል ብቻ ጨምሩ። አናናስና ፓፓያ ካለበት እርጎ ቀድማችሁ አትቀላቅሉ። እሳት ያልነካው አናናስና ፓፓያ ውስጥ ፕሮቲን የሚፈታ ኢንዛይም አለ፤ እርጎው ሲቆይ ይመራል። ሰው በየሳህኑ ይጨምርበት። ያልበሰለ ፓፓያ ጠንካራ ሥጋ የሚያለሰልሰውም በዚሁ ኢንዛይም ነው። የጥብስ ሥጋ ላይ ትንሽ ተፍጭቶ ለግማሽ ሰዓት ይቆይና ልዩነቱን እዩት።

በረዶ ቤት የሚገባው

ማንጎ በወቅቱ ከአሶሳና ከአርባ ምንጭ ሲገባ ዋጋው ይወርዳል። ያኔ በዛ አድርጌ እገዛና ለበረዶ ቤት አዘጋጃለሁ። የተላጠውን ማንጎ ቆራርጡ፣ ሳይነካካ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ በረዶ ቤት አስገቡ፣ በርዶ ሲጠነክር ወደ ከረጢት ሰብስቡት። እንዲሁ አጭቃችሁ ካስገባችሁት አንድ ድንጋይ ሆኖ ይወጣል። ሙዝም ተልጦና ተቆራርጦ እንዲሁ ይቀመጣል።

ልጆቹ አይስክሬም ሲጠይቁ ሁለት የበረደ ሙዝና አንድ ኩባያ የበረደ ማንጎ አምስት ደቂቃ አቆዩና በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ፍጩት። በየመሃሉ እያቆማችሁ በማንኪያ ወደ ታች ግፉት። መጀመሪያ አሸዋ ይመስላል፤ ተስፋ አትቁረጡ። ድንገት ልስልስ ይልና እንደ ክሬም ይሆናል። ስኳርም ክሬምም የለበትም።

መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከቀለጠ መልሳችሁ አታበርዱት። ገና ቀዝቃዛ እያለ የዕለቱ ጁስ ወይም ማርማላታ አድርጉት።

የተረፈው

የብርቱካን ልጣጭ በደንብ ከታጠበ አትጣሉት። ነጩን ፋቅ ፋቅ አድርጋችሁ ጥላ ቦታ ሦስት አራት ቀን አድርቁት። ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ሻይ ውስጥ ሲገባ ሻዩ ሌላ ነው። ደርቆ ሲሰበር ካ ካ የሚል ካልሆነ ግን አልደረቀምና ጠርሙስ ውስጥ አትክተቱት።

ዓርብ ማታ ዘንቢሉ ሥር የቀሩ ሎሚዎች አይጠፉም፤ ቆዳቸው መድረቅ የጀመረ። ጠረጴዛ ላይ በመዳፋችሁ እየጫናችሁ አንከባሏቸው፣ ጨምቋቸው፣ ጭማቂውን የበረዶ ማውጫ ላይ አፍስሱ። እያንዳንዱ ቁራጭ የአንድ ሎሚ ያህል ይሆናል። ለቀጣዩ ሳምንት ስፕሪስ ሁለቱን አውጥታችሁ ማቅለጥ ነው።